ግጥሙ ሳያልቅ የደረሰች ታንኳ

ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ባሮ ወደ ምዕራብ ጉዞውን ሲቀጥል አንድ ክንዱን ወደ ጎን የሚዘረጋበት ስፍራ አለ። ጠባብ ነው፤ በዚህ ዳር የቆመ ሰው በዚያ ዳር ያለውን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። ግን ፈጣን ነው፣ አዞም አለበት። ድልድዩ ሩቅ፣ ባጃጅም የማይደርስበት ነው። ሰው የሚሻገረው በታንኳ ነው፤ ታንኳዋ ደግሞ ቀዛፊ የላትም። አንድ ገመድ ከአፍንጫዋ፣ አንድ ገመድ ከጭራዋ ታስሮ አንዱ በዚህ ዳር ባለ ሰው እጅ፣ ሌላው በዚያ ዳር ባለ ሰው እጅ ነው። አንዱ ሲስብ ሌላው ያላላል። ገመድ መግፋት አያውቅም፤ የሚያውቀው መሳብ ብቻ ነው።

በዚህ ዳር፣ ከማንጎው ሥር፣ ፑዎክ ቆሞ ኖረ። በዚያ ዳር ነጂብ።

ፑዎክ ረጅም ነው፤ በግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩት መስመሮች ሲስቅ እንደ ውሃ ይሞገዳሉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ኋላ ቆሞ በወፍራም ድምፁ ይዘምራል። ነጂብ አጭርና ደንዳና ነው፤ በሰፈራው ዘመን ከወሎ በጭነት መኪና ከመጡት ልጆች አንዱ፣ አሁን በቆሎ አብቃይ፣ የልጆች አባት። ሁለቱ መንደሮች ድሮ ሲስማሙ፣ ከየዳርቻው አንድ አንድ ሰው ለገመዱ ይሰጥ ተባለና እነዚህ ሁለቱ ተሰጡ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ተሰምቶ ሰው በሩን በዘጋባቸው ወራት እንኳን ገመዱ አልተፈታም። እናቶች እህልና የታመመ ልጅ ይዘው ሲመጡ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ነበሩ።

የመሻገሪያው ሕግ አንድ ነው፤ ተሳፋሪ ገመድ አይነካም። አንድ ጊዜ የቸኮለ ነጋዴ እረዳለሁ ብሎ ነጂብ በሚስብበት ሰዓት የፑዎክን ገመድ ጨምድዶ ያዘ። ሁለቱም ገመድ እንደ ዱላ ተገተረ፣ ታንኳዋ መሃል ላይ ጎኗን ሰጠች፣ ፍየሎቹ ውሃ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚነኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መቼ ማን እንደሚስብ ደግሞ የሚነግራቸው ዘፈን ነው።

ዜማውን ነጂብ ከአባቱ የአጨዳ ዜማ ወሰደው፣ ግጥሙን ሁለቱ ሠሩት። የሚያላላው ያወጣል፣ የሚስበው ይቀበላል።

እኔ አላላሁልህ፣ አንተ ሳብ ወንድሜ፣
ያንተ ማላላት ነው ጉልበቴና አቅሜ።

ውሃ ምን ያደርጋል ቢጮህ ቢገሰግስ፣
ሁለት ሰው የያዘው ገመድ አይበጠስ።

ደረሰች ደረሰች፣ ውረዱ ሰዎቹ፣
ገመዱን አሳርፉት፣ ይረፉ እጆቹ።

መሃል መሃሉን ፑዎክ በራሱ ቋንቋ የልጅነቱን ወይፈን ስም እየጨመረ ያረዝመው ነበር። የታንኳዋ አፍንጫ አሸዋውን የሚነካው «ደረሰች» ሲባል ነው፤ ቀድማም ዘግይታም አታውቅም። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ እንኳን ግጥሙን ሰምቶ እግሩን ለመውረድ ያሰናዳል። ዓሣ ሻጯ ኛቹዎል ቅርጫቷን ጭና በተሻገረች ቁጥር ፑዎክን ሳትነካ አታልፍም።

«ይሄን ገመድ ከኛላም በላይ አቅፈኸው ኖርክ» ትለዋለች። «ወንድ ልጅ ይወልድልሃል እንዴ?»

ኛላም ሚስቱ ናት። ይህ ሲነገራት ትስቃለች።

በበጋው መሃል፣ አንድ ጠዋት፣ ነጂብ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣና ተቀባይ አጣ። ቀና አለ። ከማንጎው ሥር ያ ረጅም ሰው ቀስ ብሎ በቀኝ ጎኑ ሲያጋድል፣ ገመዱ ከጣቶቹ ወጥቶ ውሃው ሲወስደው አየ። አዞ የሚባለውን ነገር ረስቶ ዋኝቶ ተሻገረ። ጀርባው ላይ አዝሎ እስከ መንገዱ ሮጠ። ያን ቀን ስለሮጠበት ጉልበቱ ሰው ብዙ አወራ፤ እሱ ግን የሚያስታውሰው በትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ደረቱን ይመታው የነበረውን የማይሰማ እጅ ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ስትሮክ ነው አለ። ፑዎክ ቤቱ ሲመለስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተስቧል፣ ቃሉ ተሳስሯል፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። ኛላም እጁ እንዳይደክምበት ብላ በነጠላዋ ከደረቱ ጋር አሰረችለት። አጎረሰችው፣ አጠበችው፣ ዝንቡን እንኳን እሷ ነበረች እሽ የምትልለት። ዘመድ ሁሉ በየተራ እየመጣ አረፍ በል አለው።

ነጠላውን የፈታችው ፍርዶስ ናት፤ የነጂብ ልጅ። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ከሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነች። ሰፈሩ ግን «የእሽት ሐኪሟ» ይላታል፤ ስታርመው ሰልችቷት ተወችው። ማንጎው ሥር አጠገቡ ቁጭ ብላ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘች፣ በዚያ ዳር ያለውን አባቷንም በዓይኗ አሳየችው።

«ጋሼ ፑዎክ፣ ክንድህ ውስጥም ሁለት ሰዎች ቆመዋል» አለችው። «ከፊት አንድ ጡንቻ፣ ከኋላ አንድ ጡንቻ። ሁለቱም በጅማት ከአጥንቱ ጋር ታስረዋል። ጡንቻም እንደ ገመድህ ነው፤ መግፋት አያውቅም፣ ይስባል ብቻ። የፊተኛው ሲያጥር ክርንህ ይታጠፋል፣ የኋላው ሲያጥር ይዘረጋል። አንዱ ሲያጥር ሌላው መርዘም አለበት። ካልረዘመለት ምን እንደሚሆን ፍየሎቹን ጠይቅ።»

ፑዎክ በተጣመመ አፉ ሳቀ። ከበሽታው ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር፤ ኛላም ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች።

ፍርዶስ ቀጠለች። ጡንቻው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ወፍራምና ቀጭን ክሮች ተደርድረዋል። ወፍራሙ ቀጭኑን ይጨብጣል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይጨብጣል፤ ልክ ገመድ ሳቢ እጁን እያፈራረቀ እንደሚስበው። ሚሊዮን ትናንሽ እጆች በአንድ ጊዜ ይህን ሲያደርጉ ነው አንድ ጣት የምትነሳው። ትእዛዙ የሚመጣው ከራስ ነው፣ በነርቭ በኩል። እጁ አልተሰበረም፣ ጡንቻውም አልሞተም፤ የጠፋው ዘፋኙ ነው፣ ሳብ የሚለው፣ አላላ የሚለው። ያን ድምፅ መልሶ ለማምጣት እጁ ራሱ ደጋግሞ መሞከር አለበት። ሥራ ያልተጠየቀ ጡንቻ ይከሳል፣ ያጥራል፣ ታጥፎ ይቀራል።

ፑዎክ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። ለመሳብ አቅም እንደሚያስፈልግ ገባው። ለመልቀቅስ?

«ለመልቀቅም ያስፈልጋል» አለችው። «እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ክሮቹ አቅም ሲያልቅባቸው እንደተጨባበጡ ይቀራሉ። የሞተ ሰው የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ መልቀቂያ አጥቶ።»

ሥራ ሰጠችው። የወንዙን ጭቃ በቀኝ እጁ እንዲጨምቅ፣ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ እንዲዘረጋ፣ የተጨበጡ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንዲከፍት። ያማል። ኛላምን ማጉረሱን እንድትተው ነገረቻት፣ ምግቡ መሬት ቢወድቅም። ኛላም እሺ አለች።

የዚህ ዳር መንደር ሽማግሌ ቶክ መጥቶ በአክብሮት ተናገረ። ገመዱ ያለ ሰው አይቆምም፤ እስከዚያው በዚህ በኩል የሚስበው የራሱ የቶክ ልጅ ጃል ይሁን፣ ፑዎክ ግን ሙላት ሳይገባ ራሱ ታንኳዋን ከዳር ዳር ካመጣት ቦታው የራሱ ነው። ካልሆነ ጃል ይቀራል፤ በሙላት ጊዜ ግማሽ ሰው ገመድ ላይ አይቆምም። ፑዎክ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያ ቦታ ለሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሌላው ሰው መሬት አለው፣ ከብት አለው፤ እሱ ያለው ሁለት መንደር ስሙን የሚጠራበት አንድ ማንጎ ነው።

በጋው ሲያረጅ ጣቶቹ ጭቃውን መጨበጥ ጀመሩ። ክርኑ ትንሽ ተዘረጋ። ፍርዶስ ደስ ብሏት ማለዳ ማለዳ፣ ጃል ከመምጣቱ በፊት፣ ባዶዋን ታንኳ መሳብ ይሞክር አለች። ሞከረ። ታንኳዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በማግሥቱም አልተነቃነቀችም። ነጂብ በዚያ ዳር ገመዱን አላልቶ ቆሞ የሚያየው ይህንን ነው፤ ያ ባሮን ሊነቅለው የሚመስል ሰው ጥርሱን ነክሶ ሲንቀጠቀጥ፣ ላቡ በግንባሩ መስመሮች ሲወርድ፣ አፉ በተጣመመበት በኩል ምራቁ ሲንጠባጠብ። አንድ ጊዜ ደግሞ ፑዎክ በጉልበቱ ወደቀ። ነጂብ ፊቱን አዞረ።

እሑድ ነበር። ፑዎክን ኛላም ደግፋ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄዳለች፤ መንደሩም እዚያው ነው። ነጂብ ቀጭን የናይለን ገመድና አንድ ካሩኬላ፣ ገመድ የሚዞርባትን ትንሽ መንኮራኩር፣ ይዞ ታንኳዋ ውስጥ ገባ፤ ከማንጎው ጋር የታሰረውን ገመድ ራሱ እየሳበ ተሻገረ። ካሩኬላውን ከማንጎው ሥር፣ ውሃ ከሸፈነው ሥራሥር ጋር አሰረው። ቀጭኑን ገመድ ከታንኳዋ አፍንጫ ሥር ቋጥሮ፣ በካሩኬላው አዙሮ፣ በውሃው ሆድ ወደ ራሱ ዳር መለሰው። የባሮ ውሃ ድፍርስ ነው፣ ምስጢር ይይዛል። ከእንግዲህ ነጂብ ባለበት ሆኖ ያን ቀጭን ገመድ ሲስብ ታንኳዋ ከሱ ትሸሽና ወደ ፑዎክ ትሄዳለች። ሥራውን ሲጨርስ እጁን አሸዋ ላይ ጠርጎ፣ ከመዘምራኑ ድምፅ መሃል የፑዎክን ለመለየት ጆሮውን ጣለ። አልተሰማውም።

ሰኞ ማለዳ ታንኳዋ መጣች።

ፑዎክ ቀኝ እጁ ከግራው በላይ ገመዱን ይዞ ሳበ፣ ታንኳዋም ውሃውን ገምሳ መጣች። አሸዋውን ስትነካ ሄዶ አፍንጫዋን እንደ ጥጃ ዳሰሳት። ኛላም ከበሩ ላይ ሆና አለቀሰች። ወሬው ሁለቱን መንደር አዳረሰ። ቶክ ራሱ መጥቶ አየና ልጁን ወደ እርሻው መለሰው። ኛቹዎል ቅርጫቷን ጭና ስትሳፈር፣ «ገመዱ ወለደ አይደል?» ብላ አሾፈች፤ ወዲያው ግን አንድ ትልቅ ዓሣ ከቅርጫቷ አንስታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

ነጂብ የሁለቱን ስንኝ ብቻውን ይዘፍን ነበር፤ የፑዎክ ምላስ ገና አልተፈታም። በዘፈን ሸፋፍኖ፣ ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ ያ እጅ እንዳይደክም። ለልጁም አልነገራት። ፍርዶስ በነዚያ ሳምንታት አልነበረችም፤ ጀዊ አዲስ ስደተኞች ገብተው እዚያው እያደረች ነበር። በስልክ ስትጠይቀው፣ ወላሂ ራሱ እየሳበ ነው አላት። ስልኩን ሲዘጋ የዚያን መሐላ ክብደት አልመዘነውም። በጎ እየሠራሁ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

ፑዎክ ጭቃውን መጨመቅ ተወ። እያመመው ጣት መክፈትም ለምን? ገመዱ ይበቃኛል አለ፤ ገመዱ መድኃኒቴ ነው። ኛላምም እንደ ድሮው ማጉረስ ጀመረች፤ ሠርቶ የመጣ ባል ነውና። በሩ ላይ ግን ጠዋት ማታ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቱ ያወራዋል፣ ተሳፋሪው ያወራዋል፣ ኛቹዎል በነገር ትነክሰዋለች፣ እሱም መልስ ለመመለስ ይታገላል። ምላሱ ከቀን ወደ ቀን ተፈታ። ክንዱ ከሸሚዙ እጅጌ ሥር ቀስ እያለ ከሳ።

ዝናቡ ሲጀምር ፍርዶስ ወደ ቤቷ መጣች። ጠዋት ከአባቷ ዳር፣ ከኛቹዎል ጋር ተሳፈረች። ፑዎክ ከማንጎው ሥር ቆሞ ሲያያት ደስታው አልቻለውም፤ ለሱ እንደ ሽልማት ቀን ነበር። ያን ቀን መልሱን ራሱ ሊዘፍን አሰበ። ነጂብ አወጣ፤ «እኔ አላላሁልህ፣ አንተ ሳብ ወንድሜ።» በዚህ ዳር ያ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ተንሻፎ፣ ግን ሙሉውን መለሰ፤ «ያንተ ማላላት ነው ጉልበቴና አቅሜ።» ኛቹዎል አጨበጨበች። ፑዎክ በድሮው ልማዱ የወይፈኑን ስም ጨመረ፣ ነጂብ ሁለተኛውን አወጣ፣ ፑዎክ «ሁለት ሰው የያዘው» አለ፤ ታንኳዋም አሸዋውን መታች።

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «ገመድ አይበጠስ» ገና ጉሮሮው ውስጥ ነው። «ደረሰች» አልተባለም።

ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታንኳዋን ትቶ ገመዱን አየው። ገመዱ ከእጁ እስከ ታንኳዋ ረግቦ፣ ሆዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። የሚስብ ሰው ገመድ አይረግብም። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፍርዶስ ክንዱን እያየች ነበር። እጅጌውን ሰበሰበችለትና በመዳፏ ዙሪያውን ያዘችው፤ ጣቶቿ ተገናኙ። ክርኑን ልትዘረጋው ሞከረች፣ እምቢ አለ። ከዚያ ዞር ብላ ወደ አባቷ አየች። ኛቹዎል እጇን ከታንኳዋ አፍንጫ ሥር ሰደደችና ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቀጭን ገመድ ከፍ አደረገችው። እሷ ዝም ያለችበት ቀን ያ ብቻ ነው ይባላል።

«ነጂብ» አለ ፑዎክ፣ ሳይጮህ፤ ውሃው ጠባብ ነው። «ሰዎቹ ይውረዱ። ከዚያ ወደ መሃል ውሰዳት። ከዚያ ልቀቅ።»

«ወንድሜ…»

«ሁልጊዜ አላላሁ ትላለህ። ስትዘፍን። ዛሬ አላላ።»

ነጂብ ባዶዋን ታንኳ ወደ መሃል ሳባት። ከዚያ ቀጭኑን ገመድ ጣለ፣ ወፍራሙንም አላላ። ፑዎክ ሳበ። ያለውን ሁሉ ሳበ፣ ከወገቡ፣ ከእግሩ፣ ከአንገቱ። ግራ እጁ ያዘ። ቀኙ ግን እንኳን ታንኳ ገመድም አላመጣም፤ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም ጡንቻ በአንድ ጊዜ ተገትረው፣ ማን እንደሚስብ ማን እንደሚያላላ የሚነግራቸው ጠፍቶ፣ ክንዱ ታጥፎ ደረቱ ላይ እንደ እንጨት ቆመ። ታንኳዋ መሃል ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አዞረችና ውሃው ወደወሰዳት በኩል ተንሳፍፋ በሁለቱ ገመዶች ተይዛ ቀረች።

«ልቤ አልቻለም» አለ ነጂብ ከዚያ ዳር። «ስትወድቅ እያየሁ መቆም አልቻልኩም።»

ፑዎክ ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። ገመዱን ከጣቶቹ ለማላቀቅ ፍርዶስ አንድ በአንድ መክፈት ነበረባት።

ማታ ቤቷ ስትገባ አባቷን አልጮኸችበትም። የጋሼ ፑዎክ ምላስ ለምን እንደዳነ ብቻ ጠየቀችው። መልሱንም ራሷ ሰጠችው፤ ማንም በሱ ፋንታ ስላልተናገረለት ነው አለችው። ነጂብ ራቱን ሳይነካ ተነሳ። እጁ የሚመለስበት ጊዜ አልፏል ወይ ብሎ ከበሩ ላይ ሆኖ ጠየቃት። ጥሩዎቹ ወራት አልፈዋል አለችው፤ የቀረው ከዚህ የባሰ እንዳይታጠፍ መያዝ ነው።

ሙላቱ ገባ። ቶክ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር መጥቶ የፑዎክን ግራ እጅ ጨበጠ፤ በማግሥቱ ጃል ማንጎው ሥር ቆመ። ጃል ጉልበታም ነው፣ አይዘፍንም፤ በፉጨት ነው የሚያስታውቀው። አንድ ፉጨት ሳብ፣ ሁለት ፉጨት አላላ። ታንኳዋ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ያ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ መቼ እንደሚወርድ ሰው መጠየቅ ጀምሯል።

ነጂብ ሥራው ሲያበቃ ገመዱን ለአንዱ ልጁ አስይዞ በታንኳዋ ይሻገራል። ኛላም በርጩማ ታወጣለታለች። ፑዎክ ቀኝ እጁን ይሰጠዋል፤ አይከለክለውም፣ ቃልም አያወጣለትም፤ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ነጂብ መዳፉን ዘይት ቀብቶ፣ ልጁ እንዳሳየችው፣ ከአውራ ጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ይከፍታል። ክርኑን በጉልበቱ ደግፎ እስከሚችለው ድረስ ይዘረጋል። ያኛው ያመዋል፤ ሕመሙ በግንባሩ መስመሮች ላይ ይታያል። ከዚያ ነጂብ እጁን ያነሳል፣ ያ እጅም የሌለ ገመድ እንደያዘ ቀስ ብሎ ታጥፎ ወደ ደረቱ ይመለሳል። ነጂብ እንደገና ከአውራ ጣቱ ይጀምራል።

አንዳንድ ቀን በሹክሹክታ ያወጣል። እኔ አላላሁልህ፣ አንተ ሳብ ወንድሜ።

ይጠብቃል። ኛላም ውስጥ ሆና ሳህን ማጠቧን አቁማ አብራው ትጠብቃለች። የፑዎክ ምላስ አሁን ደህና ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ኋላ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። ከወንዙ በኩል የጃል ፉጨት ይመጣል፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። ነጂብ ዘይቱን ይከድንና፣ ሳይመሽ ለመሻገር ይነሳል።